ወይን ጠጅ በቤት ውስጥ መጥመቅ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወይን ሊጠምቁ ከተነሱ ሰዎች ደጋግመው የሚመጡልኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ተነስቼ ወደሚያስቸግረው እሄዳለሁ።

ጠላና ጠጅ መጥመቅ አውቃለሁ። ወይን ከዚህ በምን ይለያል?

እንግዲያው ግማሹን ያውቁታል። እርሾ ስኳር ይበላል፣ አልኮልና ጋዝ ያወጣል፤ በጠላውም በጠጁም በወይኑም ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ዕቃ አጥቦ ማዘጋጀት፣ ጥንስሱን በአፍንጫና በጆሮ መከታተል፣ አተላውን ከጥሩው መለየት የለመደች እናት ከማንም ቀድማ ይገባታል።

ቀሪው ግማሽ አየርና ጊዜ ነው። ጠላ በቀናት ውስጥ ስለሚጠጣ ትንሽ አየር ቢነካውም ሳይበላሽ ያልቃል። ወይን ግን ወራት ይቀመጣል፤ በእነዚያ ወራት አየር ካገኘ ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ይገቡበታል። ብዙ ጀማሪ ወይኑን የሚያበላሸው ሙያ አጥቶ አይደለም። ክዳኑን በየቀኑ ስለሚከፍት ነው፤ አንዴ ለማየት፣ አንዴ ለማሽተት፣ አንዴ ለእንግዳ ለማሳየት። የመጀመሪያው ሳምንት ካለፈ በኋላ አደራ፣ አይክፈቱት።

በየትኛው ፍሬ ልጀምር?

በዘቢብ። ትኩስ የወይን ፍሬ ገበያ ላይ ሲገኝ ውድ ነው፤ አንድ ሊትር ለማግኘት ደግሞ ኪሎ ተኩል ያህል ይፈልጋል። በዚያ ላይ ለመብል የሚሸጠው ፍሬ ለወይን ተብሎ ከሚተከለው ይልቅ ስኳሩ ያንሳል። ዘቢብ ግን ዓመቱን ሙሉ በየሱቁ አለ፤ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ያህል ስኳር ነው፤ እርሾው የሚመገበውም ነገር በውስጡ ይገኛል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የሚቀርበውም ከዘቢብ ተዘጋጅቶ ነውና ዘቢብን እንደ ምትክ ብቻ የሚያዩት ሰዎች ቢያከብሩት ደስ ይለኛል።

ሲገዙ ጠቆር ያለውን ይምረጡ። ወርቃማው ብዙ ጊዜ በሰልፈር የታከመ ነው፣ ሰልፈር ደግሞ እርሾን ያዳክማል። የሚያብለጨልጭ ዘቢብ ዘይት የተቀባ ሊሆን ስለሚችል ለብ ባለ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠቡት።

ምን ምን ዕቃ ያስፈልገኛል?

ክዳን ያለው ባለ 10 ሊትር የምግብ ባልዲ፣ ባለ 5 ሊትር የውሃ ጀሪካን (ሁለት ቢሆን ይመረጣል)፣ ከእንጨት የተሠራ ረጅም ማንኪያ፣ ወንፊት፣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅና ቀጭን ቱቦ። ለቱቦው ከፋርማሲ የሚገዛ አዲስ የጉሉኮስ መስመር በቂ ነው። የጀሪካኑን ክዳን በስተው ቱቦውን ያስገቡ፤ ዙሪያውን በሻማ ሰም ይድፈኑት፤ ሌላውን ጫፍ ግማሽ ድረስ ውሃ በተሞላ ሃይላንድ ውስጥ ይንከሩት። የሃይላንዱን አፍ አይዝጉት። ጋዙ በውሃው ውስጥ እየተንቦጨቦጨ ይወጣል፣ አየር ግን ተመልሶ አይገባም።

ዘይት ወይም ላምባ የነበረበትን ጀሪካን አይጠቀሙ፤ ምንም ያህል ቢታጠብ ሽታው አይለቅም። የአሉሚኒየም ድስት ውሃ ለማፍላት ይሁን እንጂ ወይን አይደርበት፤ አሲዱ ብረቱን ይበላዋል። መዳብና የቆርቆሮ ባልዲም እንዲሁ።

ጋን ወይም እንስራ አይሻልም? በወይራስ ላጥነው?

ለጠላ አዎን፣ ለወይን አልመክርም። ሸክላ በውስጡ የቀረ የጠላ ተዋሕስያን ይይዛል፤ ለጠላ ይኼ በረከት ነው፣ ለወይን ግን መኮምጠጥ የሚጀምርበት ምክንያት ይሆናል። ሸክላው አየርም በጥቂቱ ያሳልፋል። የወይራ ጢስ ደስ የሚል ቢሆንም የዘቢብን ጣዕም ይሸፍነዋል።

የመጀመሪያውን ጠመቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይንገሩኝ።

ለ5 ሊትር ያህል፦ 1 ኪሎ ዘቢብ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ 5 ሊትር ውሃ፣ የ4 ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ስኒ ያለ ስኳር የፈላ ወፈር ያለ ሻይ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ። ሻይው በዘቢብ ውስጥ የሚያንሰውን መጣጭ ጣዕም ይሰጣል። ሎሚው ደግሞ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ አሲድ የሚያበላሹ ተዋሕስያንን ይከላከላል።

የታጠበውን ዘቢብ በደንብ ከትክተው ባልዲው ውስጥ ያድርጉ፣ 3 ሊትር የፈላ ውሃ ያፍስሱበት፣ ስኳሩን ጨምረው እስኪሟሟ ያማስሉ። ከዚያ ቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘውን 2 ሊትር ውሃ፣ ሻይውንና ሎሚውን ይጨምሩ። ጣትዎን ሲነክሩ ሙቀትም ብርድም የማይሰማዎት ሲሆን እርሾው ይግባ፤ አስቀድመው በግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ስኳር ውስጥ ሩብ ሰዓት ያቆዩትና አረፋ ሲያወጣ ይጨምሩት። ሙቅ ላይ ከጨመሩት እርሾው ይሞታል፤ ከደረጃዎቹ ሁሉ ሰው ቸኩሎ የሚያበላሸው ይኸኛውን ነው።

ባልዲውን በጨርቅ ሸፍነው ይሰሩት። በማግሥቱ ዘቢቡ አብጦ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሥሩ ይፈላል። ጠዋትና ማታ በፈላ ውሃ በታጠበ ማንኪያ ወደ ታች ይጫኑት፤ ሲጫን ሽሽ የሚል ድምፅ ያሰማል፣ አረፋው ወደ ዳር ይሸሻል፣ ሽታውም አፍንጫ ይወጋል። ላይኛው ክፍል እንዲሁ ከተተወ ይደርቅና ሻጋታ ያበቅላል። በ6ኛው ወይም በ7ኛው ቀን አጥልለው ጀሪካኑን እስከ አንገቱ ይሙሉት፤ ቱቦውን ይግጠሙ። ጨርቁን አጥብቀው አይጭመቁት፣ ጭቃው አብሮ ይወርዳልና።

ከአንድ ወር በኋላ አተላው ሥር ሲቀመጥ ላይኛውን በቱቦ ስበው ወደ ሁለተኛው ጀሪካን ያዛውሩ፤ ቱቦው አተላውን እንዳይነካ፣ ወይኑም ከላይ እየተንጫጫ እንዳይወርድ። ሁለት ወር ቆይተው አንድ ጊዜ ይድገሙት። በመስከረም መጀመሪያ የተጠመቀ ለጥምቀት ይደርሳል፤ ለፋሲካ ከተጠበቀ ግን ሌላ ወይን ይሆናል።

የዳቦ እርሾ ይሆናል?

ይሆናል። እስከ 10 ወይም 12 ፐርሰንት አልኮል ድረስ ይሠራል፣ ከዚያ ይደክማል። ጉድለቱ አተላው ልል መሆኑና ረጅም ጊዜ አብሮ ከቆየ የሊጥ ጣዕም ማምጣቱ ነው፤ ስለዚህ ከላይ ያልኩት የአንድ ወር ዝውውር እንዳይዘለል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ የወይን እርሾ ያስመጡ፤ ቦርሳ የማይሞላ ትንሽ ፓኬት ናት፣ ለ20 ሊትር ትበቃለች፣ በጣዕም በኩልም ልዩነቷ ይታወቃል።

ጌሾ ላግባበት?

አያስፈልግም። ጌሾ ለማርና ለገብስ ምሬትና መከላከያ ይሰጣል፤ በወይን ይህን ሥራ አሲዱ፣ ሻይውና አልኮሉ ይሸፍኑታል። ጌሾ ከፈለጉ የላስታን ነጭ ማር ገዝተው ጠጅ ይጣሉ፤ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ። እሱ ራሱን የቻለ ክቡር መጠጥ ነው።

የቧንቧ ውሃ ችግር አለው?

የክሎሪን ሽታ ካለው አፍልተው ወይም ክፍት ዕቃ ውስጥ አሳድረው ይጠቀሙ። ሮቶ ውስጥ የቆየ ውሃ ግን ያለ ማፍላት አይግባ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትርን ስለምታልፍ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ገና ሲንፈቀፈቅ አያውርዱት፣ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ይፍላ። ዕቃ በበረኪና ካጠቡ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ደጋግመው ያለቅልቁ። የቀረ በረኪና ከፍሬው ጋር ተገናኝቶ እርጥብ ካርቶን የመሰለ ሽታ ይፈጥራል፤ ያ ሽታ መድኃኒት የለውም።

ደሴ ይበርዳል፣ ኮምቦልቻ ይሞቃል። የት ላስቀምጠው?

በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ25 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ መንገድ አለ፤ ከፍታው ግን ከ500 ሜትር በላይ ይለያያል። ስለዚህ ደሴ ያለች እህት ኮምቦልቻ ላለችው የነገረቻት የቀን ቁጥር አይሠራም። የእርሾ ምቹ ሙቀት ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ነው። ከ15 በታች ይፈዛል፤ 30 ሲያልፍ ይቸኩልና የተቃጠለ ወይም የቀለም ማቅጠኛ ዓይነት ሽታ ያመጣል።

ደሴ ላይ በክረምቱና ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ ባልዲውን ከሲሚንቶ ወለል ላይ ያንሱት፤ ሲሚንቶ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ይመጥጣል። ጣውላ ወይም ካርቶን ላይ አድርገው በአሮጌ ጋቢ ይጠቅልሉት፤ ወጥ ቤት አጠገብ ይሁን እንጂ ምድጃ ሥር አይሁን። ኮምቦልቻ ላይ ተቃራኒው ነው፦ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ወለሉ ወዳጅዎ ነው። ፀሐይ የማይነካው ክፍል ውስጥ ወለል ላይ አስቀምጠው እርጥብ ጆንያ ያልብሱት፣ ሲደርቅ ያርጥቡት። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቆጥ ላይ አይስቀሉት። ከተቻለ ደግሞ ጠመቃውን ከጥቅምት በኋላ ያድርጉት፤ ያኔ ኮምቦልቻ ለወይን ከደሴ ትሻላለች ባይ ነኝ።

በቁልቋል፣ በዘይቱን ወይም በማንጎ ይሆናል?

ሁሉም ይሆናል፤ ከዘቢቡ በኋላ ግን ይሞክሩ። ዘይቱን ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ ለ5 ሊትር 2 ኪሎ የበሰለ ፍሬና 1 ኪሎ ስኳር ይበቃል። ማንጎን እሳት ላይ አያፍሉት፤ ከፈላ ደመናው ጠርቶ አይወጣም።

በክረምት ደሴ መንገድ ዳር የሚሸጠው የቁልቋል ፍሬ የሚያምር ወይን ያወጣል፤ እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ነገር ግን አሲድ የለውም ማለት ይቻላል፤ ያለ ሎሚ ከተጠመቀ በቀናት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ለ5 ሊትር የ6 ወይም የ7 ሎሚ ጭማቂ ይጨምሩ። እሾሁ ላስቲክ ጓንት ስለሚበሳ ፍሬውን አሸዋ ላይ በመጥረጊያ አንከባለው ከዚያ ይላጡት። ዘሩን አይፍጩት፣ ያመርራል።

የቤት ወይን ዓይን ያጠፋል ይባላል። እውነት ነው?

ሰዎች የሚፈሩት ሜታኖል የሚባለውን መርዛማ የአልኮል ዓይነት ነው፤ ፍርሃቱም ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ከፍሬ የሚፈላ ወይን ውስጥ ሜታኖል በጣም በትንሹ አለ፤ በፋብሪካው ወይን ውስጥም እንዲሁ። በዚያ መጠን ሰው አይጎዳም። ሰው የሚገድለውና የሚያሳውረው ለኢንዱስትሪ የተሠራ አልኮል የተቀላቀለበት መጠጥ ነው። ወይኑን ወደ አረቄ ለማውጣት ግን በቤትዎ አይሞክሩ፤ የእሳቱ አደጋ ብቻ ይበቃል።

በእርግጥ የሚያሳስቡኝ ሌሎች ናቸው፦ እርጉዝ ሴት፣ የጉበት ሕመም ያለበት ሰው፣ ሜትሮኒዳዞልና የመሳሰለ መድኃኒት እየወሰደ ያለ ሰው አይጠጣ። የቤት ነው ተብሎ አልኮልነቱ አይቀርም።

ቤታችን የማይጠጡ ሰዎች አሉ። ለእነሱ አልኮል የሌለው ማድረግ ይቻላል?

ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤተሰብ መኖሩ የተለመደ ስለሆነ ይህ ጥያቄ ይገባኛል፤ ግልጽ መልስ ይገባዋል። እርሾ ከገባ በኋላ አልኮል የሌለው ወይን በቤት አይሠራም። «ሁለት ቀን ብቻ ነው የፈላው» የሚባለውም አልኮል አለው። እሳት ላይ ማፍላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ ለማይጠጣ ሰው ይህን አቅርበው «ቀላል ነው» አይበሉ።

ለእነሱ ዘቢቡን አሳድረው ጨምቀው በዕለቱ ያቅርቡ፣ ወይም በዕለቱ የተበረዘ ብርዝ። ሁለቱም ቢውሉ ቢያድሩ በራሳቸው መፍላት ይጀምራሉ። ለወይኑ የሚሆነው ባልዲ፣ ማንኪያና ወንፊትም ለብቻው ይሁን፤ ይህ ለንጽሕናም ለቤተሰብ ሰላምም ይጠቅማል።

አልኮሉ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

በግምት ለማስላት፣ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለ 17 ግራም ስኳር 1 ፐርሰንት አልኮል ይሆናል። ከላይ ባለው ዘቢብ ውስጥ 650 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ከተጨመረው 500 ጋር 1,150 ይሆናል። ጠቅላላው ፈሳሽ 5.7 ሊትር ገደማ ስለሚደርስ በሊትር 200 ግራም ነው፤ ሁሉም ከተበላ ወደ 12 ፐርሰንት ይጠጋል። ስኳር መጨመር መጠጡን ያጠነክራል ብለው እጥፍ የሚያደርጉ አሉ። የዳቦ እርሾው ግን ይደክምና ትርፉ ስኳር ሽሮፕ ሆኖ ይቀራል።

ሃይድሮሜትር (የፈሳሽ ጥግግት መለኪያ) ካገኙ ሥራው ቀላል ነው፤ የመጨረሻውን ንባብ እርሾ ሳይገባ ከነበረው ቀንሰው በ131 ያባዙት። ከ1.085 ወደ 0.995 ከወረደ 11.8 ፐርሰንት ማለት ነው።

መንቦጭቦጩ ቆመ። አልቋል ወይስ ተኝቷል?

ይቅመሱት። ጣፋጭነቱ ጠፍቶ ደረቅ ከሆነ አልቋል። ገና የሚጣፍጥ ከሆነ እርሾው ተኝቷል፤ ደሴ ላይ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ ምክንያቱ ብርድ ነው። ወደ ሞቅ ያለ ክፍል አምጥተው ጀሪካኑን ቀስ አድርገው ያዙሩት፣ ሦስት ቀን ይስጡት። ከመደንገጥ በፊት የክዳኑን ሰምም ይመርምሩ፤ ተሰንጥቆ ጋዙ በዚያ እየወጣ ሊሆን ይችላል።

ካልተነሳ አዲስ እርሾ እንዲሁ አይበትኑበት፤ አልኮሉ ይገድለዋል። በብርጭቆ ለብ ያለ ስኳር ውሃ ውስጥ ያስነሱት፣ አረፋ ሲያወጣ ከወይኑ ግማሽ ብርጭቆ ይጨምሩበት፣ እንደገና ሲፈላ ሌላ ብርጭቆ፤ እንዲህ እያለማመዱ ወደ ጀሪካኑ ይመልሱት። አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ በትንሽ ውሃ አፍልተው ቢጨምሩ የሞተው ለአዲሱ ምግብ ይሆነዋል።

ሽታው ተለወጠ። ልድፋው?

እንደ ሽታው ነው። የገማ እንቁላል ከሸተተ እርሾው ተጨንቋል፤ ቶሎ ከአተላው ያዛውሩት፣ በዚህ ጊዜ ብቻ ትንሽ እየተንጫጫ ይውረድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ላዩ ላይ ስስ ነጭ ሽፋን ከታየ አየር ገብቷል ማለት ነው፤ ሽፋኑን አንስተው ጀሪካኑን እስከ አንገቱ ሞልተው ይዝጉ። አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ፀጉራም ሻጋታ ካለ ይድፉት፣ አያሳዝንዎ።

ኮምጣጤ ከሆነ አይመለስም። ስኳር ቢጨምሩም፣ ቢያፈሉትም አይድንም። ለሰላጣ ይጠቀሙበት፤ ግን ከሌላው ወይን ርቆ በሌላ ክፍል ይቀመጥ፣ የነካው ጨርቅና ቱቦም ወደ ወይኑ አይመለስ።

መሸጥ እችላለሁ?

ለቤትዎና ለእንግዳዎ መጥመቅና ለገበያ ማቅረብ የተለያዩ ናቸው። ለመሸጥ የንግድ ፈቃድና የምግብ ደኅንነት መሥፈርት ያስፈልጋል፣ የኤክሳይስ ታክስም አለ። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል አይሸጥም።

መቼ በጠርሙስ ልሙላ? ከሞላሁ በኋላ ቢፈላስ?

ጠርሙሱ ማዶ ያለ ጽሑፍ እስኪነበብ ሲጠራ፣ ደረቅ ሲሆንና በሞቃት ክፍል ሁለት ሳምንት ቆይቶ አንድም አረፋ ካላወጣ። የጉደር ወይም የአክሱሚት ባዶ ጠርሙሶች ጥሩ ናቸው። ጣፋጭ ወይን የሚወዱ ሰዎች ሲሞሉ ስኳር ይጨምራሉ፤ አደጋው ያለው እዚያ ላይ ነው። የተኛው እርሾ ይነሳና ጋዙ መውጫ ያጣል፤ ጠርሙስ ሲፈነዳ ስብርባሪው ዓይን ይጎዳል። ማጣፈጥ ከፈለጉ ሊጠጡ ሲሉ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያጣፍጡት። በተለይ ደሴ በብርድ ወቅት የተሞላ ወይን ኮምቦልቻ ላለ ዘመድ በስጦታ ሲላክ ይህ ይደርሳል፤ ብርድ ያስተኛውን ሙቀት ይቀሰቅሰዋል።

ቡሽ ከተገፋ ወይም ሲከፍቱ ከፈላ፣ የቀሩትን ጠርሙሶች ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አድርገው በቀዝቃዛ ውሃ የተሞላ ባልዲ ውስጥ ያቁሟቸው። ሲቀዘቅዙ አንድ በአንድ በወፍራም ፎጣ ጠቅልለው፣ አፋቸውን ከፊትዎ አዙረው ቀስ ብለው ይክፈቱ። ሁሉንም ወደ ጀሪካኑ ይመልሱት፣ ቱቦውን ይግጠሙ፣ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አንድ ወር ጨርሶ ይፍላ።